ለክረምት የሚሆን ኳስ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ በረዶም ይቀላቀልበታል። ሜዳው ይጨቀያል፣ ኳሷ ውኃ ውስጥ ትቆማለች፣ ታኬታው ጭቃ ተሸክሞ እግር ይከብዳል። ተማሪው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች ተዳፋቱ ይጨመርበታል፤ ለጥ ያለ መሬት ከተገኘም ገብስ ይዘራበታል እንጂ በቀላሉ ለኳስ አይተውም።

እንዲህ ላለው አገር አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው የአምስት ለአምስት ጨዋታ፣ ፉትሳል፣ ይመቻል።

ፉትሳል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ነው። መምህሩ ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ወጣቶች በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ እግር ኳስ እንዲጫወቱ ደንብ አወጣላቸው። ወወክማ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ አበባም ውስጥ ወጣቶችን ስፖርት ያስተማረ ማኅበር ነው። ፊፋ የመጀመሪያውን የፉትሳል ዓለም ዋንጫ በ1989 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ አካሄደ። ብራዚላውያኑ ሮናልዲኒዮና ኔይማርም ኳስ የለመዱት በዚህ ጨዋታ ነው።

ጥቅሙ ከሜዳው ስፋት ይጀምራል። ትልቁ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ሲሆን የፉትሳሉ 40 በ20 ነው። ቦታው ለተጫዋቾቹ ቢከፋፈል በትልቁ ሜዳ ለአንድ ሰው 325 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል፤ በፉትሳል 80 ብቻ። ስለዚህ ዳር ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ የለም። ኳሷም አነስ ያለች፣ ነጥራ የማትርቅ ናት፤ ከሁለት ሜትር ከፍታ ብትለቀቅ የምትነጥረው ከ65 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ተጫዋቹ በእግሩ ሥር ይዟት፣ ተከላካይ ሳይደርስበት ማቀበልን ይለምዳል።

ለጤናም ይበጃል። የዴንማርኩ ተመራማሪ ፒተር ክሩስትሩፕና ባልደረቦቹ በጠባብ ሜዳ፣ በጥቂት ሰው የሚደረግን ጨዋታ ለዓመታት አጥንተዋል። አዘውትረው የተጫወቱ ሰዎች የልብና የሳንባ ብቃታቸው ተሻሽሏል፤ ግፊት ያለባቸው ግፊታቸው ቀንሷል፤ አጥንታቸውም ጠንክሯል። ሮጥ፣ ቆም፣ ዞር የሚለው እንቅስቃሴ ልብንም አጥንትንም አብሮ ያሠራል።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። በደባርቅ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያንሳል። የአገሩ ልጅ ለምዶታል፤ ከመተማ ቆላ የመጣ እንግዳ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ብሎ መጀመር አለበት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል፤ ሰውነትን ማሟሟቅና ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ታኬታ እዚህ አይሆንም፤ ያንሸራትታል።

ወጪውም ብዙ አይደለም። ጎሉ 3 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ከፍታ ስላለው ማንኛውም የብየዳ ቤት ከብረት ቱቦ ይሠራዋል። ግጥሚያው 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ ነው፤ ተቀያሪው ያለ ገደብ ይገባል ይወጣል። አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አራት ቡድን ሊያስተናግድ ይችላል።