ሳንቃውም እንደ ቀሚስ በልክ ነው

ቀሚስ በልክ ካልተሰፋ ጨርቁ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ለለባሿ አይሆንም። የጠበበው ያስጨንቃታል፤ የሰፋው ያደናቅፋታል። ይህን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሣው ጉዳይ ከስፌት የራቀ ቢመስልም ዋናው ቁም ነገሩ ያው የልክ ነገር ነው። ጉዳዩም በባሕር ሞገድ ላይ ቆሞ እየቀዘፉ የመንሸራተት ስፖርት፣ በተለይም በትንንሽ ሳንቃዎች የሚካሄደው ነው።

አንዳንድ አንባቢያን «አገራችን የባሕር ጠረፍ የላት፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ ከወገኖቻችን መካከል በባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩት ጥቂቶች አይደሉም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስና በሳንዲያጎ፣ በእስራኤልም በነታንያ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች አሉ። በእነዚህ ከተሞች ያደገች ልጅ እንደ እኩዮቿ ሳንቃ ይዛ ወደ ባሕር ልውረድ ብትል የሚያስደንቅ አይሆንም። እዚህ ያለችው አያትም ፎቶግራፉ ሲደርሳት «ልጄ በምን ላይ ነው የቆመችው?» ማለቷ አይቀርም። እናት ስለ ነገሩ ካላወቀች ያላት ምርጫ ወይ መከልከል፣ ወይ ዝም ብሎ መፍቀድ ብቻ ነው። ሁለቱም ለልጅቷ አይበጇትም።

ሁለቱ ስፖርቶች እንዴት ተገናኙ?

በሞገድ ላይ መንሸራተት፣ በተለምዶ ሰርፊንግ የሚባለው፣ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። በጥንታዊው መንገድ ተንሸራታቿ በሳንቃው ላይ በደረቷ ተኝታ፣ በእጆቿ እየቀዘፈች ሞገዱ ወደሚነሣበት ስፍራ ትሄዳለች። እዚያም ሳንቃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሞገዱ ሲደርስ ፈጥና ትቀዝፋለች፤ ሞገዱ ሲያነሣትም ብድግ ብላ ትቆማለች። የዘመኑ አጭር ሰርፍ ሳንቃ ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሊትር በመሆኑ ሞገድ ካልገፋው በቀር የቆመ ሰው አይሸከምም።

በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ተንሸራታቿ ገና ከዳር ጀምራ ትቆማለች። ከቁመቷ ጥቂት በሚበልጥ ረጅም መቅዘፊያም እየቀዘፈች ትሄዳለች። ለዚህ የተለመደው የጀማሪ ሳንቃ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ150 እስከ 200 ሊትር ይዘት ያለው ነው። ጸጥ ባለ ውኃ ላይ እንደ ጀልባ ይረጋል። ሞገድ ላይ ሲወጣ ግን ያው እንደ ጀልባ ለመዞር ያስቸግራል።

አሁን የምንናገርለት ትንሽ ሳንቃ የሁለቱ መጋጠሚያ ነው። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ይዘቱ በአብዛኛው ከ70 እስከ 110 ሊትር ይደርሳል። ቆሞ መቅዘፍን ከትልቁ፣ ፈጥኖ መዞርን ከአጭሩ ወርሷል። የሚመጡት ሞገዶች ሲበረቱ አንዳንዶች መቅዘፊያውን ከደረታቸው ሥር አድርገው እንደ ጥንቱ ተኝተው በእጃቸው ይቀዝፋሉ። ካለፉላቸው በኋላ በመጀመሪያ ይንበረከካሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳንቃ፣ ሁለት ስፖርት ማለት ይህ ነው።

የሴቶች ድርሻ ከጥንት ጀምሮ ነው

ይህ ስፖርት ዝናው የተነሣው ከሃዋይ ደሴቶች ነው። በጥንቱ የሃዋይ ኅብረተሰብ በሞገድ ላይ ይንሸራተቱ የነበሩት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ሴቶችም፣ ሕፃናትም፣ ባላባቶችም፣ ተራው ሕዝብም ይሳተፉ ነበር። ንግሥት ካአሁማኑ በዚህ ችሎታዋ ስሟ የሚጠራ ነበረች። «ኦሎ» የሚባለው ረጅምና ከባድ ሳንቃ ለባላባቶች የተለየ ነበር። «አላያ» የሚባለው ግን አጭርና ስስ ሲሆን በሕዝቡ መካከል በሰፊው ያገለግል ነበር። ስለዚህ ትንሽና ይዘቱ አነስተኛ የሆነ ሳንቃ የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1820 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ከገቡ በኋላ ልማዱ እየተነቀፈ ሄደ። ይበልጥ የጎዳው ግን ከውጭ የመጣው በሽታ ነው፤ የደሴቶቹን ሕዝብ እጅግ አመነመነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሞገድ የሚንሸራተት ሰው የሚታየው በጥቂት ስፍራዎች ብቻ ነበር። ስፖርቱ እንደገና ያንሠራራው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዋይኪኪ ዳርቻ ነው። ለዓለም ካስተዋወቁትም አንዱ በኦሊምፒክ ዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ሃዋያዊው ዱክ ካሃናሞኩ ነበር።

ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. በ1915 መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አካባቢ ትርዒት ሲያሳይ ኢዛቤል ሌተም የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ሳንቃ ላይ ከፊቱ አቁሞ ሞገዱን ወርዷል። ልጅቷ ኋላ የዋና አስተማሪ ሆነች።

ቆሞ መቅዘፍም ከዋይኪኪ ጋር ግንኙነት አለው። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያ ዳርቻ እንግዶችን የሚያስተምሩ ሰዎች በትልልቅ ሳንቃዎች ላይ ቆመው፣ በታንኳ መቅዘፊያ እየቀዘፉ ተማሪዎቻቸውን ይጠብቁ፣ ፎቶግራፍም ያነሡ ነበር። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ግድም እነ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ በማዊ ደሴት ልማዱን እንደገና አነሡት። ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር የመጀመሪያውን የቆሞ ቀዘፋ የዓለም ሻምፒዮና በፔሩ አካሄደ።

ሴቶችም ወደ ቀድሞ ስፍራቸው እየተመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍሎሪዳዋ ኢዚ ጎሜዝ በ14 ዓመቷ በቆሞ ቀዘፋ ሰርፊንግ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ከ2019 ጀምሮ ዋናው የባለሙያዎች የሰርፊንግ ውድድር ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ሽልማት መክፈል ጀምሯል። በ2021 በተካሄደው የቶክዮ ኦሊምፒክ ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ 20 ሴቶችና 20 ወንዶች ተወዳድረዋል። የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው የሃዋይዋ ካሪሳ ሙር ነበረች።

ልኩ እንዴት ይታወቃል?

በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ደንገሉ በውስጡ አየር የያዘ በመሆኑ ይንሳፈፋል። ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ታንኳው ይከብዳል፤ የሚሸከመውም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የሰርፍ ሳንቃም ሕጉ ይኸው ነው። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ አርኪሜደስ እንዳስረዳው በውኃ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ቦታውን በለቀቀለት ውኃ ክብደት ልክ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ 80 ሊትር ይዘት ያለው ሳንቃ ጨርሶ ቢጠልቅ እንኳ ከ82 ኪሎ በላይ ሊሸከም አይችልም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 58 ኪሎ የምትመዝን ሴት፣ 7 ኪሎ የሚሆን ሳንቃ፣ እርጥብ ልብስና መቅዘፊያ 3 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 68 ኪሎ ነው። 80 ሊትሩ ሳንቃ ለእርሷ 14 ኪሎ ያህል ትርፍ አለው። ይንቀጠቀጣል፣ ዝቅም ይላል፤ ግን ይሸከማታል። በዚያው ሳንቃ ላይ 85 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ቢቆም ድምሩ 95 ኪሎ ስለሚሆን ከሥሩ ይሰምጣል። በሌላ በኩል ለእርሱ መካከለኛ የሆነው 120 ሊትር ሳንቃ ለእርሷ ከ50 ኪሎ በላይ ትርፍ ይኖረዋል። ውኃው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ለመዞር ስትፈልግ ጠርዙን በእግሯ ተጭና ወደ ሞገዱ ማስገባት ያቅታታል። ሳንቃው እርሷን ይወስዳታል እንጂ እርሷ ሳንቃውን አትነዳውም።

ከዚህ የምንረዳው «ትንሽ ሳንቃ» የሚባል አንድ ቁጥር አለመኖሩን ነው። ትንሽነቱ የሚለካው በሚቆምበት ሰው ክብደት ነው። ሴት ልጅ የባሏን ወይም የወንድሟን ሳንቃ ተውሳ፣ አልዞርልሽ ሲላት «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ብትተወው ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የልኩ ነው። በተጨማሪም ትልቁ ሳንቃ ከ10 ኪሎ በላይ ሲመዝን ትንሹ 7 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚሆን ያለ ሰው እርዳታ በብብቷ ይዛ ትሄዳለች።

ልምምዱን በሚመለከት የተለመደው ምክር ጀማሪ የሆነች ሴት የክብደቷን እጥፍ ያህል ሊትር ባለው ሳንቃ እንድትጀምር ነው። 58 ኪሎ ለምትመዝነው ይህ ወደ 120 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ትልቅነቱ ለመዞር ቢያስቸግርም ሚዛን ለመማር ግን ይረዳል። ጸጥ ባለ ውኃ፣ ቀጥሎም በትንሽ ሞገድ ላይ ሳትወድቅ መሄድ ስትችል ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 80 ሊትር ትወርዳለች። በአንድ ጊዜ ከትልቁ ወደ ትንሹ መዝለል ግን ጉልበትን በመውደቅና በመነሣት መጨረስ ይሆናል።

ሦስቱ ጉልቻዎች

ትንሽ ሳንቃ ቆመው ሲቆዩበት አይወድም። ብስክሌት ሲሄድ እንደሚረጋ፣ ሲቆም እንደሚወድቅ ሁሉ ይህም ሳንቃ የሚረጋው ሲንቀሳቀስ ነው። መቅዘፊያውም የሚያገለግለው ለመሄድ ብቻ አይደለም። ምጣድ በሁለት ጉልቻ እንደማይቆም ሁሉ፣ በትንሽ ሳንቃ ላይም ሁለት እግር ብቻውን አይበቃም፤ ውኃ ውስጥ የገባው መቅዘፊያ ሦስተኛው ጉልቻ ነው። መቅዘፊያው ከውኃ ወጥቶ በአየር ላይ ሲንጠለጠል የምትወድቀው ቀዛፊ ብዙ ናት።

እግሮችም በትልቁ ሳንቃ ላይ እንደሚሆነው ጎን ለጎን አይቆሙም። አንደኛው ጥቂት ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሆናል። ጉልበት ይለዝባል፤ ዓይን እግርን ሳይሆን የሚመጣውን ሞገድ ይመለከታል። አቀዛዘፉ አጭርና ፈጣን ነው። በሥራም በቤትም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት እግሮቿ ጠንካራ ቢሆኑ እንኳ ሆድና ወገብ ብዙ እንደሚሠሩ በመጀመሪያው ቀን ትረዳለች።

እናት ምን ልትጠይቅ ይገባል?

ከሁሉ አስቀድሞ ልጅቷ ያለ ሳንቃ በባሕር ውስጥ መዋኘት ትችላለችን? ሳንቃ ዋና ለማያውቅ ሰው መተማመኛ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ሳንቃውን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ ነው። በሞገድ መካከል ያለዚህ ገመድ መውጣት አይገባም፤ ያመለጠ ሳንቃ ባለቤቱን ያለ ድጋፍ ከመተውም በላይ ሌላውን ሰው ሊመታ ይችላል። ሦስተኛው አወዳደቅ ነው። ጥልቀቱ በማይታወቅ ውኃ በጭንቅላት መወርወር አይፈቀድም። በደረት ወይም በጀርባ ጠፍጠፍ ብሎ ወድቆ፣ ሲወጡ ራስን በክንድ መሸፈን ያስፈልጋል። ሳንቃውንም በራስና በሚመጣው ሞገድ መካከል ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሞገዱ አንሥቶ ይመልሰዋል።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ጨዋነት ነው። የቆመች ቀዛፊ ከፍ ብላ ስለምታይ ሞገዱን ተኝተው ከሚጠብቁት ቀድማ ታየዋለች፤ ቀድማም ትደርስበታለች። በዚህ ምክንያት በብዙ የባሕር ዳርቻዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ቅያሜ ይነሣል። ሞገዱ ወደሚሰበርበት ጫፍ ይበልጥ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል ነው። ቀድማ ልትወስድ የምትችለውን ሞገድ ለሌላው የምትለቅ ልጅ ወዳጅ ታፈራለች። ደንቡ ባልገባት ጊዜ ደግሞ ሰው ከሚበዛበት ስፍራ ራቅ ብላ መለማመዱ ይሻላታል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ግን ያው ልክ ነው። የጓደኛ ሳንቃ ስለ ተገኘ፣ ወይም ትንሹ ስለሚያምር ብቻ አይወሰድም። እናት ከልጇ ጋር ሳንቃ ወደሚሸጥበት ወይም ወደሚከራይበት ቤት ስትሄድ አከራዩ አስቀድሞ የልጅቷን ክብደትና ችሎታ መጠየቅ አለበት። ሳይጠይቅ ከግድግዳው አንዱን አንሥቶ የሚሰጥ ከሆነ፣ ልክ ሳይወስድ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ነውና ሌላ ቤት መሞከሩ ይመረጣል።