ከዲላው ሾላ ሥር፦ የእግዚአብሔርን ጊዜ የሚጠብቅ መሪ



በአገልግሎት ብዙዎቻችንን የሚፈትነን ከሥራው ብዛት ይልቅ የጊዜው መዘግየት ነው። ጥሪው በልባችን አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ የሚከተሉትን ሰዎች ይዞ ይወጣና መንጋውን ይከፍላል። ከጌዴኦ ምድር የተገኘ አንድ ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምረናል።

ስምንት ዓመት የጠበቀው ሰው

የጌዴኦ ሕዝብ ሁሉን የፈጠረውን አምላክ «ማጌኖ» ብሎ ይጠራ ነበር። በዲላ የሚኖር ዋራሳ ዋንጌ የተባለ ሰው ይህ አምላክ ራሱን ለሕዝቡ እንዲገልጥ ይጸልይ ነበር። የሚሲዮን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሁለት ነጭ እንግዶች በዲላ አጠገብ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ድንኳን ሲተክሉ በራእይ አየ። የሚፈልገውን አምላክ መልእክት የሚያመጡለት እነርሱ እንደ ሆኑና እንዲጠብቃቸው ተነገረው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አለፈ። ወደ ኋላ ስንቆጥር ጊዜው የጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ ይወድቃል፤ ሚሲዮናውያኑ ከአገር የተባረሩበት ዘመን ነበር። በሰው ዓይን የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1948) የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን ዲላ ደርሰው ድንኳናቸውን ከሾላው ሥር ተከሉ። ዋራሳም አምኖ ወንጌልን ከወገኖቹ ጋር አሰራጨ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በጌዴኦ ከ200 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቆጠሩ።

ለመሪዎች ምን ያስተምራል?

1. መጠበቅ ሥራ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ይህን ያውቃል። እንሰት ተክሎ በማግስቱ ቆጮ የሚጠብቅ የለም፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ነገር ግን ገበሬው በእነዚያ ዓመታት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ያርማል፣ ያዳብራል፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናውን ይንከባከባል። እናንተም ሹመቱ እስኪመጣ ድረስ ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ጥቂት ነገር በታማኝነት ያዙ።

2. ዳር የመሰለው ስፍራ የእግዚአብሔር ምርጫ ሊሆን ይችላል። ብራንትና ኬይን ሊሠሩ የፈለጉት በጌዴኦ ምድር መካከል ነበር። ፈቃድ ሊገኝ የሚችለው ዳር ላይ ላለችው ለዲላ ብቻ እንደ ሆነ ግን ተመከሩ። የሚጠብቃቸው ሰው የነበረው እዚያው ዳር ላይ ነው! የፈለጋችሁት ቦታ ተከልክላችሁ ሌላ ከተሰጣችሁ፣ ከማጉረምረማችሁ በፊት ማን እንደሚጠብቃችሁ እዩ።

3. ችኮላ ዋጋ ያስከፍላል። ሳኦል በጌልገላ ሰባት ቀን ጠበቀ። ሕዝቡ ሲበተን ጊዜ ግን መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ፤ ገና እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ (1ሳሙ. 13፥8-14)። የጎደለው ጥቂት ሰዓት ነበር፤ ያጣው ግን መንግሥቱን ነው። ዳዊት ግን ከተቀባ በኋላ ሳኦልን በዋሻ ቢያገኘውም እጁን አላነሣበትም (1ሳሙ. 24)። በሠላሳ ዓመቱ ነገሠ (2ሳሙ. 5፥4)።

ለአንጋፋ መሪዎችም አንድ ቃል አለን። ይህ ትምህርት ወጣቶችን ዝም ለማሰኘት አይደለም። የእግዚአብሔር ጊዜ ደርሶ ሳለ ወንበሩን አልለቅም የሚል ሰውም፣ ከቸኮለው ወጣት እኩል ጊዜውን ይቃወማል። ሳሙኤል ሳኦልን የቀባው፣ በኋላም ዳዊትን የቀባው ራሱ በሕይወት ሳለ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ የምትጠብቁት ምንድር ነው? ጊዜው ሲደርስ እግዚአብሔር በታማኝነት ስትሠሩ ያግኛችሁ።