እውነት ወይስ ተረት? «ዝም ያለ ተማሪ አልገባውም»

ይህን አባባል ሳይሰሙት አልቀሩም። ቻይና ሄደው እንግሊዝኛ ያስተማሩ ፈረንጆች ይሉታል። ወደ ደቡብ ኦሞ የተመደቡ የደጋ መምህራንም፣ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ስላለችው ስለ ኮልቾ ልጆች ሲወራ፣ «ጠይቁ ሲሏቸው አይጠይቁ፤ መልሱ ሲሏቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ ምኑ ገባቸው?» ይላሉ። ተረት ነው፤ ለምን ተረት እንደሆነ እንነጋገር።

«የቻይና ተማሪ አፉ የተለጎመ ነው» ይባላል። ማርቲን ኮርታዚ እና ሊሺያን ጂን የተባሉት ተመራማሪዎች ያስተዋሉት ሌላ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ትምህርቱን አቋርጦ መጠየቅን የሌላውን ጊዜ እንደ መሻማት ያዩታል፤ ጥያቄያቸውን ለብቻቸው፣ ከክፍል በኋላ ይዘው ይመጣሉ። ፈረንጁ መምህር ክፍለ ጊዜውን ሙሉ «ጥያቄ የለም?» ሲል ቆይቶ፣ ደብተሩን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ይከቡታል። ግራ ያጋባል፤ ግን ደስ ይላል።

«ይሸመድዳሉ እንጂ አያስቡም» የሚባለውም አለ። ዴቪድ ዋትኪንስ እና ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የጥናት ስብስብ ይህ ሐሳብ ተፈትሿል፤ ለብዙ ቻይናውያን ተማሪዎች ደጋግሞ በቃል መያዝ ወደ መረዳት የሚያደርስ መንገድ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ግን ለዚህ ቤጂንግ ድረስ መሄድ አያሻንም። የቆሎ ተማሪ ዳዊት ደግሞ፣ በቃሉ ይዞ ቅኔ ቤት ይገባል። እዚያ የሚጠበቅበት የሰው ቅኔ መድገም ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር ነው። ያለ ማሰብ ይህ ከየት ይመጣል?

ወደ ካሮ ሕዝብ መንደር ወደ ኮልቾ እንመለስ። «የካሮ ልጅ ሲፈጥረው ዝምተኛ ነው» ይባላል። ካሮዎች ግን የንግግር ሰዎች ናቸው፤ ፌሊክስ ጊርኬ የተባለ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ እነሱ ያሳተመው መጽሐፍ ዋና ጉዳዩ የንግግር ጥበባቸው ነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ የሚያዳምጥበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ መምህር ፊት ዝም ቢል ሥርዓቱን ጠብቆ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ የሚናገረው በካሮ ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛ፣ ከፍ ሲል እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በሦስተኛ ቋንቋ፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ሳይሳሳት ይመልስ ማለት ለማንም ይከብዳል።

የዚህ ተረት መንትያ ደግሞ «ገባን ካሉ ገብቷቸዋል» የሚለው ነው። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ብዙ ጊዜ «አልገባንም» ማለት መምህሩን «አላስረዳኸንም» ብሎ እንደ መውቀስ ስለሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሊያስተምሩ ከመጡ ወዲህ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ የሚባለው «አዎ»ም ስንቱን እንግዳ መምህር «ምን አስደነገጠው?» አሰኝቷል።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? አንደኛ፣ ለመምህሩ ይመቸዋል። ጥፋቱ የተማሪው ከሆነ አጠያየቁን መለወጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ እንግዳ መምህር ጥቂት ዓመት አስተምሮ ይሄዳል፤ ይዞ የሚሄደው የመጀመሪያ ወራት ግርምቱን ነው። ሦስተኛውና ክፉው፣ ተረቱ ራሱን እውነት ያስመስላል። «አይገባውም» የተባለ ልጅ አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ ልጅ ይብስ ዝም ይላል፤ መምህሩም «አላልኩም?» ይላል።

ዝም ያለ ሁሉ ገብቶታል ማለቴ አይደለም፤ ያልገባውም ዝም ይላል። ዝምታ ለየትኛውም ማስረጃ አይሆንም ነው የምልዎት። ስለዚህ መምህር ከሆኑ «ገባችሁ?» የሚለውን ይተዉትና ሁለት ሁለት ሆነው በገዛ ቋንቋቸው እንዲያስረዳዱ ያድርጉ። መልሱን በወረቀት ይቀበሉ፤ ከጠየቁም በኋላ ጥቂት ይታገሡ። ወላጅ ከሆኑ ደግሞ «ልጅዎ ዝምተኛ ነው» ሲባሉ አንገትዎን አይድፉ፤ «በምን ቋንቋ፣ እንዴት ተጠይቆ ነው?» ብለው ይጠይቁ።