የመንደር ክሊኒክና የኦራንጉታን ደን፦ የጉኑንግ ፓሉንግ ተሞክሮ

ኦራንጉታን የሚለው ስያሜ በማላይ ቋንቋ «የጫካ ሰው» ማለት ነው። ይህ ሰው መሰል እንስሳ በዱር የሚኖረው በቦርኒዮና በሱማትራ ደሴቶች ብቻ ሲሆን፣ የቦርኒዮው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመድቧል። ሴቷ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትወልድ፣ ደኑ ሲመናመን የሚጠፋው ቁጥር በቀላሉ አይተካም። ስለሆነም ደኑን የሚቆርጠው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚቆርጥ ማወቅ የጥበቃው መነሻ ነው።

በኢንዶኔዥያ ምዕራብ ካሊማንታን የሚገኘው የጉኑንግ ፓሉንግ ብሔራዊ ፓርክ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በሕግ የተከለለ ቢሆንም ሕገ ወጥ የዛፍ ቆረጣ ሲፈጸምበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለኦራንጉታን ጥናት ወደ ስፍራው የሄደችው አሜሪካዊት ኪናሪ ዌብ፣ ኋላ በሕክምና ተመርቃ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም ከኢንዶኔዥያዊቷ የጥርስ ሐኪም ሆትሊን ኦምፑሱንጉ ጋር «አላም ሴሃት ሌስታሪ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ሥራው የተጀመረው ነዋሪዎቹን በመጠየቅ ነበር፦ ደኑን መቁረጥ ለማቆም ምን ያስፈልጋችኋል? መልሳቸው በአቅማቸው የሚገኝ ሕክምናና የተሻለ የእርሻ ሥልጠና የሚል ሆነ። ለብዙ ቤተሰብ ዛፉ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት ነበርና፤ ልጅ ሲታመም የሕክምናው ወጪ የሚሸፈነው ከግንድ ሽያጭ ነበር።

በመሆኑም በሱካዳና ክሊኒክ ተከፈተ። ገንዘብ የሌለው ሕመምተኛ በዛፍ ችግኝ፣ በፍግ፣ በእጅ ሥራ ውጤት ወይም በጉልበቱ መክፈል ይችላል። ቆረጣ ያቆሙ መንደሮች ነዋሪዎች ደግሞ ከፍ ያለ የዋጋ ቅናሽ ያገኛሉ። ቅናሹ ለግለሰብ ሳይሆን ለመንደር ስለሚሰጥ፣ ደኑን መጠበቅ የጋራ ጥቅም ይሆናል። ከየመንደሩ የተመረጡ የደን ጠባቂዎች ቆራጮችን ያግባባሉ፤ የሞተር መጋዙን ያስረከበ ሰውም አነስተኛ ንግድ የሚጀምርበት ድጋፍ ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ጥናት የአሥር ዓመቱን ውጤት መርምሯል። በጉኑንግ ፓሉንግ የደረሰው የደን መመናመን፣ ክሊኒኩ ባይኖር ኖሮ ሊደርስ ይችል ከነበረው በ70 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ንጽጽሩ የተደረገው ከሌሎች የኢንዶኔዥያ ጥብቅ ስፍራዎች ጋር ነው። መሻሻሉ ይበልጥ የታየውም ክሊኒኩን አዘውትረው በሚጠቀሙ መንደሮች አቅራቢያ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚመልሰው ከቤተሰብ ችግር የሚመነጨውን ቆረጣ ነው። በቦርኒዮ ሰፊ ደን የሚበላውን የፓልም ዘይት እርሻ መስፋፋትና የደን ቃጠሎ የመንደር ክሊኒክ ብቻውን ሊገታ አይችልም፤ ይህ የመንግሥትን ሕግና የገበያን ቁጥጥር ይጠይቃል። ከጉኑንግ ፓሉንግ የሚገኘው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ ነዋሪው ደኑን የሚቆርጠው ዋጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ሲያገኝ ራሱ ጠባቂው ይሆናል።