ኮምፒውተሩ ሲታደስ ፊደሉ የት ይገባል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ ባሉት መንገዶች፣ በተለይም በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አቅራቢያ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ይዘው የሚሠሩ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ይገኛሉ። ማመልከቻው፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቡ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ በእነዚህ ቤቶች ያልፋል። አካባቢው ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ከሚተላለፍ መልእክት በመሆኑ፣ ስለ ጽሑፍና ስለ ቴክኖሎጂ ለመነጋገር የማይመች ሥፍራ አይደለም።

ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መታደስ በእንዲህ ያሉ ቤቶች የሚነገረው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ከገባ ወዲህ አማርኛ የትም ቦታ፣ በኢሜይልም በኢንተርኔትም፣ ያለ ችግር እንደሚጻፍለት ይናገራል። ሌላው ደግሞ በዚያው ዊንዶውስ ምክንያት የዓመታት ሥራው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ እንደተለወጠበት ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም እንዴት እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ለመረዳት፣ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው ማህደረ ትውስታውን፣ ዲስኩን፣ ማተሚያውንና የቁልፍ ሰሌዳውን የሚያስተዳድር፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ሁሉ ተደግፈውት የሚሠሩ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ለብዙዎቻችን ሳይታየን ያልፋል፤ ይኸውም በዲስኩ ላይ የተቀመጡትን ቁጥሮች በስክሪኑ ላይ ወደ ፊደል ቅርጽ መለወጥ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነውና። በላቲኑ ሠንጠረዥ ትልቁ ኤ 65፣ ትልቁ ቢ 66 ነው። ቁጥሩን ቅርጽ የሚያለብሰው ደግሞ ፎንት ይባላል።

በቀደመው ዘመን አንድ ፊደል የሚቀመጠው በአንድ ባይት፣ ማለትም በ8 ቢት፣ ነበር። 8 ቢት 256 የተለያዩ ቁጥሮችን ብቻ ይይዛል፤ ከእነዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለእኛ ግን ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። የቨ ዘር፣ እነ ሏና ሟ፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከሰፈሩ ይተርፋሉ።

ስለዚህ የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ የተነሡት ባለሙያዎች ብልሃት መፈለግ ነበረባቸው። እነ ፓወር ግዕዝ፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የያዙት መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው፤ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ማስቀመጥ። ኮምፒውተሩ 65ን ሲያይ ትልቁ ኤ መሆኑን ያምናል፤ ፎንቱ ግን የግዕዝ ቅርጽ ይሥላል። ቦታ ሲጠብ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ማከፋፈል ወይም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁርጥራጭ ቅርጾች መገጣጠም የተለመደ ነበር። በጊዜው ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ጋዜጦችና መጻሕፍት የታተሙት በእርሱ ነው። ጉድለቱ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን አደላደል መከተሉ ነው። በአንዱ ፎንት በ65 ላይ ያለው ቅርጽ በሌላው ሌላ ነው።

ጽሑፉ እንግዲህ ምስጢራዊ ጽሑፍ ሆነ፤ መፍቻውም ፎንቱ። በዚያው ዘመን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ጽሑፍ በተራ የላቲን ፊደል ለመወከል ያዘጋጁት ሥርዓት በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «ሴራ» መባሉ ፈገግ ያሰኛል፤ እውነተኛው ሴራ ግን በየፎንቱ ውስጥ ሳይታወቅ የተሸረበው ነበር።

4608 ቁጥር ላይ ያለው ሀ

ዩኒኮድ የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ለማስፈር የተጀመረ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች ቦታ አገኙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ለ 4616 ነው፤ በማንኛውም ፎንት፣ በማንኛውም አገር።

የአደላደሉ ሥርዓት ለሒሳብ ወዳጆች የሚያስደስት ነው። ለእያንዳንዱ ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተመድቦለታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ብዙውን ጊዜ ለእነ ሏ። ስለዚህ ከፊደሉ ቁጥር 4608ን ቀንሰን ለስምንት ስናካፍል ቀሪው የፊደሉን ተራ ይነግረናል። ለምሳሌ ቤ 4708 ነው። ልዩነቱ 100፣ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው 4 ነው፤ ግዕዝን ከዜሮ ጀምረን ብንቆጥር ኃምስ ላይ እንደርሳለን። ከሆ በኋላ ያለው 4615 መጀመሪያ ባዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በ4.1 እትም ሇ ገባበት፤ በዚያው ዓመት ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትም ተካተቱ።

ነገር ግን ቁጥር መመደቡ ብቻውን ለተጠቃሚው ምንም አልለወጠለትም። ቁጥሩን የሚሥል ፎንትና ቁጥሩን የሚያስገባ የቁልፍ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዩኒኮድን ያውቅ ነበር፤ የግዕዝ ፎንት ግን አብሮት አልመጣም። ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን የተጠቃሚው ፈንታ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሺህ ዓመት ሊጠባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለገበያ ሲቀርብ ግን «ኒያላ» የሚባል የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ ይዞ መጣ። ፎንቱ የተሰየመው በደጋማው አገራችን በሚገኘው የዱር እንስሳ ስም ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ ዓረብኛ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ ቅርጹን ስለማይለውጥ ሥራው ለሶፍትዌሩ ቀላል ነው፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቅርጽ።

አዲሱን ሥርዓት የሚያመሰግነው ተጠቃሚ የሚያመሰግነው ይህንን ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ማመልከቻ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢላክ ያው ማመልከቻ ነው። «መሬት» የሚለውን ቃል በሰነዶቹ ውስጥ ፈልግልኝ ቢለው ይፈልግለታል። (ፀሐይንና ጸሐይን ግን እንደ ሁለት ቃላት ይቆጥራቸዋል፤ ቁጥራቸው የተለያየ ነውና። ስለ ሞክሼ ፊደላት ያለው የቆየ ክርክር በኮምፒውተር ፍለጋ ውስጥ ቀጥሏል።)

ጎረቤታሞቹ ለምን ተለያዩ?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተትን ማረም ያሻል። አዲሱ ዊንዶውስ አሮጌውን ፎንት አይከለክልም። በዩኒኮድ ያልሆነ የግዕዝ ፎንት ፋይሉ በእጅ ካለ ዛሬም በዊንዶውስ 11 ላይ ሊጫን፣ አሮጌውም ሰነድ ሊነበብ ይችላል። ሰነዱን የሚያጠፋው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን እርሱ የገባበት መንገድ ነው።

ማደስ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው በነበረው ላይ መጫን ነው፤ ፕሮግራሞቹ፣ ፎንቶቹና ሰነዶቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ሁለተኛው በጠጋኞች ቤት «ፎርማት ማድረግ» የሚባለው፣ ዲስኩን አጽድቶ ከመነሻው መጀመር ነው። ባለሙያው ሰነዶቹን በፍላሽ አስቀምጦ ይመልሳል፤ የፎንቶች ማኅደር ግን የዊንዶውስ አካል ስለሆነ ማንም ሳያስበው አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱ ሰነዱን ሲከፍት ቁጥሮቹ በሙሉ አሉ፤ መፍቻው ግን የለም። ኮምፒውተሩም 65ን በሚያውቀው መንገድ፣ ትልቁ ኤ አድርጎ፣ ያሳየዋል።

በዚህ ረገድ ከኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 የተደረገው ሽግግር የተለየ ሥፍራ አለው። ከኤክስፒ ወደ ቪስታ፣ ከቪስታም ወደ 7 በነበረው ላይ መጫን ይቻል ነበር። ከኤክስፒ በቀጥታ ወደ 7 ግን አይቻልም ነበር፤ እንደ አዲስ መጫን ግዴታ ነበር። ቪስታን የዘለሉት ደግሞ ብዙዎች ነበሩ፤ ምክንያቱም ኤክስፒ በ64 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ መነሣት ሲችል ቪስታ ቢያንስ 512 ጠየቀ፤ በዚያም ላይ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ስሙ ጎደፈ። ፊደላችንን ይዞ የመጣው ሥርዓት በክብደቱ ምክንያት ተገፋ ማለት ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ከኤክስፒ በቀጥታ የተሻገረው ሁሉ አዲስ ጭነት አደረገ፤ አሮጌ ፎንቱን አስቀድሞ ያልገለበጠም ሰነዱን ማንበብ ተሳነው። በተመሳሳይ ሰፈር ቪስታን ገዝቶ ከዚያ ወደ 7 ደረጃ በደረጃ የተሻገረ ሰው ቢኖር፣ ምንም እንዳልጎደለበት ቢመሰክር አያስገርምም።

ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የመጣው ዊንዶውስ 10 ለአንድ ዓመት ያህል ሕጋዊ የ7 እና የ8.1 ተጠቃሚዎችን በነጻ በነበረው ላይ እንዲያድሱ ፈቀደ። በዚህም ብዙ ፎንቶች ተረፉ። ሆኖም ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ ማሻሻያዎቹን ያለ ጥያቄ ከኢንተርኔት ያወርዳል። የኢንተርኔት ጥቅሉን በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። መስመሩን «በልክ የሚከፈልበት» ብሎ መመዝገብ የሚቻልበት ምርጫ በውስጡ አለ፤ ግን ፈልጎ ለሚያገኘው ነው። ሌላም ጥቃቅን ለውጥ አለ። ኒያላ በዊንዶውስ 10 ተጠይቆ የሚጨመር ሆነና ግዕዝን የመሣል ተራው የ«ኤብሪማ» ሆነ። በኒያላ 40 ገጽ የነበረ የመመረቂያ ጽሑፍ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የገጹ ብዛት ሊለወጥ፣ ማውጫውም ሊዛባ ይችላል። ጽሑፉ ግን ይነበባል። በአሮጌው ምስጢርና በዩኒኮድ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ በአንዱ ፎንት ሲጠፋ ቃሉ ይጠፋል፣ በሌላው መልኩ ብቻ ይለወጣል።

መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሩን ጠበብ አደረገው። 4 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ በአንጻሩ አዲስ የሆነ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ባለ 32 ቢት እትም ስለሌለው በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች አይነሡበትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ጥገና ተዘጋጀላቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው መስፈርቱን ለማያሟሉ አንዱ አማራጭ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። ለግዕዝም «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የተባሉ ነጻ ፎንቶች አሉ። ይሁንና ፓወር ግዕዝን የመሰለ ለዊንዶውስ የተሠራ መጻፊያ የለመደ እጅ እንደገና መማር ይኖርበታል፤ በቀን ብዙ ገጽ ለሚጽፍ ጸሐፊ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ከፎርማት በፊት

የተሟላ መፍትሔ አሮጌውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ይህን የሚሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራቸውም በመሠረቱ «በዚህ ፎንት 65 ማለት በዩኒኮድ ይህ ነው» የሚል ሠንጠረዥ መከተል ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከመጽዳቱ በፊት የፎንቶችን ማኅደር ገልብጦ ማስቀመጥና እያንዳንዱ ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ መመዝገብ ይገባል። ልወጣው ካለቀ በኋላም አሮጌውን ቅጂ መጣል አይገባም። በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደግሞ መምታት የብዙዎች ልማድ ስለነበር እንዲህ ያለው ቦታ በእጅ መታረም ይፈልጋል፤ ከቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ፊደላትም ይስታሉ። ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ መልኩን ያድናል፤ ፎንቱ በውስጡ ይታሸጋልና። ከእርሱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጠን ብንለጥፍ ግን ያው የላቲን ድብልቅ ይወጣል።

እጅግ አስቸጋሪው ጉዳይ የዎርድ ሰነድ አይደለም። የዎርድ ሰነድ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አብሮ ይመዘግባል፤ መለወጫውም በዚህ ምልክት አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ይለያል። የስም ዝርዝር፣ የአባላት መዋጮ፣ የይዞታ መዝገብ በዳታቤዝ ወይም በተራ የጽሑፍ ፋይል ከተቀመጠ ግን የፎንት ምልክት የለበትም። በአንድ መስመር ላይ የሚገኘው 65 የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ይሁን የአንድ አባል የአባት ስም ፊደል በቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን መዝገብ ሊፈታ የሚችለው ያስገባው ሰው ነው፤ የትኛው ረድፍ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያስታውሰው እርሱ ነውና፣ ጥያቄው በሥራ ላይ ሳለ ሊቀርብለት ይገባል።