ኖፓ፦ በወረቀት 2 ፊደል፣ በኢንተርኔት 18 ምልክት!

በዛሬው የቴክኖሎጂ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ብዙዎቻችን በስልክ ላይ አይተን «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» የምንለውን ነገር ነው።

በአማርኛ ዊኪፔዲያ ስለ አንድ ከተማ የተጻፈ ገጽ ስንከፍት፣ የከተማው ስም አድራሻው ላይ በአማርኛ ይታያል። ያንን ሊንክ ኮፒ አድርገን ለጓደኛ ስንልከው ግን ብዙ ጊዜ አማርኛው ይጠፋና በፐርሰንት ምልክት (%) የተሞላ ረጅም ነገር ይመጣል። አንዳንዱ «ቫይረስ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ሌላው ደግሞ «በጣም ረዘመ» ብሎ ግማሹን ይቆርጠዋል። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ያ ረጅም ነገር አልተበላሸም። የራሳችን ፊደል ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

የድረ ገጽ አድራሻ የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሕግ መሠረት አድራሻ ውስጥ እንደ ልብ የሚጻፉት 66 ምልክቶች ብቻ ናቸው፦ የእንግሊዝኛ ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት (52)፣ ቁጥሮች (10) እና አራት ሌሎች ምልክቶች (- . _ ~)።

ሌሎቹ ምልክቶችስ? አንዳንዶቹ የተመደበላቸው ሥራ አለ። ለምሳሌ / መንገዱን ይከፍላል፣ ? ጥያቄ መጀመሩን ያሳያል፣ & አንዱን መረጃ ከሌላው ይለያል። እንግዲህ አንድ ሰው «ቡና & ማር» ብሎ ቢፈልግና & እንዳለ አድራሻው ውስጥ ቢገባ፣ ኮምፒውተሩ «ቡና» ላይ ያበቃ ይመስለውና ማሩን ይተወዋል። ስለዚህ & ሲላክ %26 ተብሎ ይጻፋል። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ %20 ይሆናል። የፐርሰንት ምልክቱ ራሱም %25 ይባላል።

የኛ ፊደልስ?

የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የ«ኖ» ቁጥር 4758፣ የ«ፓ» ቁጥር 4947 ነው። ኮምፒውተር እነዚህን ወደ ኢንተርኔት ሲልክ አንዱን ፊደል በሦስት ባይት ይከፍለዋል። ለ«ኖ» ሦስቱ ባይቶች 225፣ 138 እና 150 ናቸው።

እነዚህ ደግሞ በ16 አቆጣጠር ይጻፋሉ። በዚህ አቆጣጠር ከ9 በኋላ ያሉት ስድስት ቁጥሮች በእንግሊዝኛ ፊደላት ከኤ እስከ ኤፍ ይተካሉ። እኔ እዚህ የፊደላቱን ስም በአማርኛ ጽፌዋለሁ፦

ኖ = %ኢ1 %8ኤ %96
ፓ = %ኢ1 %8ዲ %93

ሲገጣጠሙ ያለ ክፍት ቦታ ነው የሚጻፉት። ቁጠሯቸው፣ ለሁለት ፊደል 18 ምልክት! በቁቤ ስንጽፍ ግን ፊደሉ ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ ስለሆነ የወረዳችን ስም ምንም ሳይለወጥ ያልፋል። ሁዻ ምልክቱ ብቻ አንዳንድ ጊዜ %27 ሆኖ ይታያል።

ምን እንጠንቀቅ?

1ኛ፦ አንቁረጠው። መጽሔታችን በእጅ ስለሚጻፍ አድራሻ ስንገለብጥ አንድ ቁጥር እንኳ መሳት የለብንም። «ኖ» ውስጥ ያለውን 96 በ95 ብንቀይረው «ን» ይሆናል። ሠንጠረዡ የተደረደረው እንደ ፊደል ገበታችን ነ ኑ ኒ ና ኔ ን ኖ እያለ ነዋ! «ኖፓ»ን የፈለገ ሰው «ንፓ» የሚል ገጽ ሲፈልግ ይውላል።

2ኛ፦ ሁለት ጊዜ አንቀይረው። %20 የነበረው እንደገና ቢቀየር %2520 ይሆናል፤ ገጹም ላይገኝ ይችላል።

3ኛ፦ ይሄ ዋናው ነው። ፐርሰንቱ ቁልፍ አይደለም። ለጉዞ እንዲመች የተደረገ አጻጻፍ እንጂ ምስጢር መደበቂያ አይደለም። ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሁሉ መልሶ ያነበዋል። ስለዚህ የይለፍ ቃል ወይም የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ያለበትን ሊንክ «ማንም አይገባውም» ብለን ለሰው እንዳንልክ። ከማናውቀው ሰው የመጣ ሊንክም ፐርሰንት ኖረውም አልኖረውም ታላቆቻችንን ሳንጠይቅ አንክፈተው።

አንዳንድ ልጆች «ኢንተርኔት በአማርኛ አይሠራም» ሲሉ እሰማለሁ። ይሠራል እንጂ! ፊደላችን ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ግን ሳይጎድል ይደርሳል፤ ብራውዘሩም መልሶ በአማርኛ ያሳየናል።

የዕለቱ ጥያቄ፦ %ኢ1%88%98 ማለት «መ» ከሆነ፣ %ኢ1%88%99 ማን ነው? ፍንጭ፦ የፊደል ገበታችሁን ተመልከቱ። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ።

በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን!