ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር፦ እንዴት ይስተካከላል፣ እንዴት ይጠበቃል፣ እንዴት ይለያል

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በጊታሩ ራስ ላይ በተጻፈው ስም ነው። «ፌንደር» ወይም «ጊብሰን» የሚለው ጽሑፍ ዋጋውን በብዙ እጥፍ ያስወድደዋል። ይሁንና ከጊታሩ አካል ሁሉ ለማስመሰል የሚቀለው ይኸው ስም ነው፤ ማንም አሳትሞ ሊለጥፈው ይችላል። ለማስመሰል የሚያስቸግረው አሠራሩ ነው፦ አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘበት መንገድ፣ የክሩ ርዝመት፣ በአንገቱ ውስጥ ያለፈው ብረት፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው የሽቦ ሥራ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ያልተስተካከለ ኦሪጅናል ጊታር በጥንቃቄ ከተስተካከለ ርካሽ ጊታር ብሶ ሊገኝ ይችላል። ክሩ ከፍ ካለ ጣት ያደክማል፤ ዝቅ ካለ ጥዝ ይላል። ስለዚህ «እጄ ላይ ከበደኝ» ተብሎ ፎርጅድ፣ «ተመቸኝ» ተብሎ ኦሪጅናል አይባልም። ጊታር ለክቶ ማስተካከል የሚያውቅ ሰው የእጁን ስሜት ከመሣሪያው ማንነት ለይቶ ማየት ስለሚችል በስም አይታለልም። ማስተካከልን ከመለየት የምናስቀድመውም ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ መነሻዎች

በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች የሁለት አሜሪካዊ ጊታሮችን መንገድ ይከተላሉ። አንዱ ጊብሰን በ1952 ያወጣው ሌስ ፖል ነው። ሌላው የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠርቶ በ1954 ለገበያ ያቀረበው ስትራቶካስተር ነው።

የስትራቶካስተር አንገት ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በቪቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአራት፣ በ1970ዎቹ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ደግሞ በሦስት። የሚርገበገበው የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የጊታሩ ራስ ወደ ኋላ አያዘነብልም። የሌስ ፖል አንገት ግን በሙጫ የተጣበቀ ነው። የክሩ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ራሱም በ17 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይህ ማዘንበል እንጨቱን በዚያ ቦታ ስለሚያዳክመው ሌስ ፖል ከወደቀ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ያገለገለ ሲገዙ የራሱንና የአንገቱን መጋጠሚያ ከኋላ በኩል በብርሃን ይመርምሩ፤ በቀለም የተሸፈነ የስንጥቅ መስመር ካለ ዋጋው በእጅጉ መውረድ አለበት።

ድምፃቸውም ይለያያል። የስትራቶካስተር ፒክአፖች፣ ማለትም የክሩን ንዝረት የሚይዙት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ የሽቦ ጥቅል አላቸው። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ አብረው ይይዛሉ። ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ላይ የገባው ሃምበከር የተባለ ፒክአፕ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያገናኝ ጉምጉምታው ይጠፋፋል። ስለዚህ ስትራቶካስተር አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ጥቂት ቢያጉረመርም ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ማስተካከል በቅደም ተከተል

ማስተካከል የሚጀምረው በአዲስ ክር ነው፤ ያረጀና የዛገ ክር ትክክለኛ ድምፅ ስለማይሰጥ በእሱ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። መጀመሪያ ጊታሩን መጫወት በሚፈልጉት ቅኝት ይቃኙት። ከ0.010 ኢንች የሚጀምር የክር ስብስብ በመደበኛው ቅኝት ሲወጠር ከ45 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል አንገቱን ይጎትታል። ይህን ጉተታ የሚቋቋመው በአንገቱ ውስጥ ያለፈው ትረስ ሮድ የተባለ ብረት ነው።

አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። ክር ሲርገበገብ መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ፣ አንገቱ በጣም ጥቂት ወደ ፊት መጉበጥ አለበት። ለመለካት ስድስተኛውን፣ ማለትም ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ በተባለው የክር መያዣ ይያዙ፤ ከዚያ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ በጣት ይጫኑት። 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚታየው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ለዚህ ይሆናሉ። እነሱ ከሌሉ ተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ወረቀት ተደርቦ በቀላሉ ካለፈና ሦስት ሲሆን ክሩን ከነካ ልኩ ቅርብ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ የትረስ ሮዱ ዳዶ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ ከጠበበ ወደ ግራ ይላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዙሩ፤ እንደገና ቃኝተው ይለኩ። ዳዶው አልዞር ካለ ማስገደድ ብረቱን ሊበጥሰው ስለሚችል ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ የክር ከፍታ ይከተላል። ፌንደር ለዘመናዊ ስትራቶካስተር የሚመክረው 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጊብሰን 12ኛው ፍሬት ላይ ለስድስተኛው ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ለአንደኛው 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይላል። ጠንክሮ የሚመታ ተጫዋች ትንሽ ከፍ ቢያደርገው ጥዝታው ይቀንሳል። ጥዝታው ራሱም መንስኤውን ይጠቁማል። በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል። ወደ አካሉ በቀረቡት ፍሬቶች ላይ ከሆነ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል፣ ዝቅ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ያለው ፍሬት ከቦታው ተነሥቷል።

ቀጥሎ የፒክአፕ ከፍታ አለ። ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሲለካ ለስትራቶካስተር በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ፒክአፑ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስብ ድምፁ ይወላገዳል፤ የቱንም ያህል ቢቃኙት አይረጋም።

መጨረሻው ኢንቶኔሽን ነው፤ ይኸውም ጊታሩ ከላይ እስከ ታች በቅኝቱ መጽናቱ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በመንካት ብቻ የሚወጣውን ድምፅና እዚያው ተጭነው የሚያወጡትን ድምፅ በመቃኛ ያወዳድሩ። የተጫኑት ድምፅ ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን ማረፊያ ወደ ኋላ፣ ከአንገቱ ያርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ያስጠጉት። ለአማርኛ ሙዚቃ ይህ ቅንጦት አይደለም። ጊታሩ ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር አንድ ዜማ እኩል ሲያወጣ፣ ወይም ትዝታና አምባሰል ላይ ድምፅ ከድምፅ ሲንሸራተት፣ ትንሿ መዛነፍ ወዲያው ትሰማለች። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የሰላም ስዩምን ጊታር ሰምቶ ያደገ ጆሮ የጠራ ቅኝት ምን እንደሆነ ያውቃል።

አያያዝ

ጊታርን ከሙቀት ይልቅ የእርጥበት መለዋወጥ ይጎዳዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለጊታር ተስማሚ የሚባለው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ክረምት ላይ የተስተካከለ ጊታር በጋ ሲገባ ጥዝ ሊል የሚችለው አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ድርቀት ሲበዛ ፍሬትቦርዱ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ከውጭ አገር በዘመድ የመጣ ጊታርም ከአዲሱ አየር ጋር እስኪላመድ ጥቂት ሳምንት ሰጥቶ ማስተካከል ይሻላል። ቆሞ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ግን ለአፍታም አይተዉት።

ከተጫወቱ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝማል። ያልተቀባ የሮዝዉድ ፍሬትቦርድ ክር ሲቀየር ጥቂት የፍሬትቦርድ ዘይት ይበቃዋል፤ ቫርኒሽ የተቀባ የሜፕል ፍሬትቦርድ ዘይት አይፈልግም። ብዙ የጊብሰን ጊታሮች የተቀቡበት ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ቀለም አልኮልና የአንዳንድ ማቆሚያዎች ጎማ ያበላሹታል። ክር ሲቃኙ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ክሩ በአንገቱ ጫፍ ባለው ማረፊያ ላይ እየተያዘ ነው፤ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጎድጓዳው ላይ መቀባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ኦሪጅናሉን መለየት

መጀመሪያ ርዝመቱን ይለኩ። በአንገቱ ጫፍ ካለው የክሮቹ ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት በስትራቶካስተር 324 ሚሊ ሜትር፣ በሌስ ፖል 314 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ የአንገቱን አያያዝ ይመልከቱ። «ሌስ ፖል» ተብሎ አንገቱ በቪቴ የታሰረ ከሆነ የጊብሰን መደበኛ ሌስ ፖል አይደለም።

ጊብሰን ላይ የትረስ ሮዱን መክፈቻ የሚሸፍነው ትንሽ ክዳን በሁለት ቪቴ ይታሰራል፤ ብዙ ፎርጅዶች ላይ ሦስት ነው። ክዳኑ ሲነሣ ከውጭ በቁልፍ የሚያዝ ባለስድስት ጎን የነሐስ ዳዶ መታየት አለበት። ቁልፍ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ብረት ካገኙ ይጠርጥሩ። ከኋላ ያለውን ሽፋንም ያስከፍቱ። አሜሪካ የተሠራ ጊብሰን ውስጥ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ትልልቆች ናቸው፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ትንንሽ መቆጣጠሪያዎችና የተዝረከረከ ብየዳ ይይዛል።

መለያ ቁጥር ይረዳል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እሱም ይቀዳልና። ከ1977 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ የጊብሰን ቁጥሮች ስምንት አሃዝ ነበሩ። አንደኛውና አምስተኛው አሃዝ ዓመቱን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት የተሠራበትን ቀን ከዓመቱ ቀናት ስንተኛ እንደሆነ ያሳያሉ። የቀኑ ቁጥር ከ366 ከበለጠ ቁጥሩ የፈጠራ ነው። ፌንደር ከ1976 ገደማ በፊት ቁጥሩን የሚያትመው በአብዛኛው አንገቱ በሚታሰርበት ብረት ላይ ነበር፤ ብረቱ ደግሞ በቀላሉ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ አሜሪካ በተሠሩት ላይ «ኤስ» የ1970ዎቹ፣ «ኢ» የ1980ዎቹ፣ «ኤን» የ1990ዎቹ፣ «ዜድ» የ2000ዎቹ ምልክት ነው። ከ2010 ወዲህ ለአሜሪካ «ዩኤስ»፣ ለሜክሲኮ «ኤምኤክስ» ገብቷል። «ኤምኤክስ» የሚል ቁጥር ያለበትን በአሜሪካው ዋጋ የሚሸጥ ካጋጠመዎ ሐሰቱ በዚያው ተጋልጧል።

ድካሙም ይመሳከር። ቀለሙ በየቦታው የተላጠ ጊታር ፍሬቶቹ አዲስ ከሆኑ፣ ወይ ፍሬቶቹ ተቀይረዋል፣ ወይ ቀለሙ ሆን ተብሎ ተልጧል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ መናገር አለበት። ከተለያዩ ጊታሮች ክፍሎች የተገጣጠመ ጊታርም አለ። በሐቅ ከተነገረ ጥሩ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን የኦሪጅናሉ መሆን የለበትም።

በጀቱ ለማይበቃ ሰው ሐቀኛ አማራጭ ሞልቷል። ስኳየር የፌንደር ንብረት ነው፤ ኤፒፎንም ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ነው። እነዚህ የተፈቀደላቸውን ቅርጽ በራሳቸው ስም ይዘው ይሸጣሉ። ፎርጅድ ጊታር ግን የሚጎዳው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ ገዢው መልሶ ሲሸጠው ወይ ይከስራል፣ ወይ ሌላውን ያታልላል።

ስለዚህ ወደ ሻጭ ሲሄዱ የብረት ማስመሪያ፣ መቃኛና ካፖ ይያዙ። በእያንዳንዱ ክር እያንዳንዱን ፍሬት ይጫወቱ፤ አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው ሁሉንም መቆጣጠሪያ ያዙሩ፤ የኋላው ሽፋን እንዲከፈት ይጠይቁ። ሻጩ መለካትና መክፈት ከከለከለ አይግዙ። ስሙ የማይታወቅ ነገር ግን አንገቱ የተስተካከለ፣ ፍሬቱ ያልተበላ፣ ቅኝቱን የሚጠብቅ ጊታር ካገኙ ግን ያለ ስጋት ይግዙት፤ ለዓመታት ያገለግልዎታል።